አዲሱን አጥንት በምን እንየው? ራጅ ወይስ አልትራሳውንድ

እግር በኢሊዛሮቭ ብረት (ከውጭ እግሩን ከብቦ በሽቦ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝ የብረት ቀለበት) ሲረዝም፣ የተቆረጠው አጥንት ሁለት ጫፎች በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል እንዲራራቁ ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ 0.25 ሚሊሜትር እየተደረገ 4 ጊዜ። በክፍተቱ ውስጥ አጥንት መብቀሉን በምን እንወቅ?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልትራሳውንድ ይበልጣል ባይ ነኝ። ራጅ ላይ ቦታው ባዶና ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ቤተሰብም ይደነግጣል። ገና ካልሲየም ስላልያዘ እንጂ ምንም አልበቀለም ማለት አይደለም። አልትራሳውንድ ግን ጅምሩንም፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ ካለም ያሳያል። ጨረር የለውም፤ ለልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አጥንቱ ሲጠነክር ግን የአልትራሳውንዱ ሞገድ ዘልቆ አይገባም። ያኔ ወሳኙ ራጅ ነው። ከፊትና ከጎን ተነስቶ ከሚታዩት 4 የአጥንት ጠርዞች ቢያንስ 3ቱ ሳይቋረጡ ከተያያዙ፣ ብዙ ሐኪሞች ብረቱን ስለማውጣት ያስባሉ። 2 ብቻ ከሆኑ መታገስ ይሻላል። ተቸኩሎ ከወጣ አዲሱ አጥንት ሊጎብጥ ወይም ሊሰበር ይችላል።