ጅማ ላይ በዊልቸር፦ ባጃጅ ወይስ ሚኒባስ?

እኔ ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ፣ የማዘወትረው ከኮቺ ወደ መርካቶና ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። በአጭሩ ባጃጅ ይሻላል፣ በብዙ። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው ጎኑም ክፍት ስለሆነ ዊልቸሬን አስጠግቼ ፍሬን እይዝና ብረቱን ጨብጬ በራሴ እሻገራለሁ፣ ማንም ብብቴ ስር ገብቶ እንደ ጆንያ አያነሳኝም። ሚኒባስ ደረጃው ከፍ ያለ ነው፣ ውስጡም ጎንበስ ብሎ መሄድ ለሚችል ሰው ነው የተሰራው፣ ረዳቱ ደግሞ "ቶሎ በሉ እንጂ" እያለ ከውጪ ይገፋል። እኔ ትቼዋለሁ።

የባጃጅ ጣጣው ሂሳብ ላይ ነው። ዊልቸሩ ታጥፎም ቢሆን የሰው ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ኮንትራት ነው" ይላሉ፣ ሰው በነፍስ ወከፍ የሚሄድበትን መንገድ እኔ የሦስት ሰው ከፍዬ ማለት ነው። ሹፌሩ ላይም ሙሉ በሙሉ አልፈርድም፣ ነዳጅ አለበት። ግን መፍትሄ የለውም እንዳይባል፣ በቀደም አንዱ ልጅ ከውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አውጥቶ ዊልቸሩን ከኋላ በኩል ጥብቅ አድርጎ አሰረልኝና ሌላ ሁለት ሰው ጭኖ የአንድ ሰው ሂሳብ ብቻ ተቀበለኝ። አንድ ላስቲክ!

ዓይነ ስውር ጓደኛዬ ግን በኔ አይስማማም፣ እሱ ሚኒባስ ነው የሚለው። እውነቱን ነው፣ ባጃጅ ረዳት የለውም፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚጮህ ሰው የለም፣ ባለፈ ባገደመው ሁሉ "ወዴት ነው?" እያለ በሞተር ድምፅ ላይ መጮህ አለበት። የሚኒባሱ ወያላ "አጂፕ አጂፕ፣ መርካቶ!" ሲል ለሱ ታፔላ ማለት ነው፣ መውረጃው ሲደርስም ይነግረዋል።

ሁለቱም ላይ የሚያናድደኝ አወራረዱ ነው። ክዳን የሌለው ቱቦ አፋፍ ላይ አቁመው "ውረድ" ይላሉ፣ በክረምት በዛ የጅማ ዝናብ ደግሞ ጭቃው ጎማውን ውጦ ይይዘዋል። እኔ አሁን ገና ስሳፈር "ሱቁ ፊት ያለችው የሲሚንቶ መሻገሪያ ጋ አቁምልኝ" ብዬ እነግራለሁ፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያፀደቀችው የተመድ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እኮ አንቀጽ 9 ላይ ትራንስፖርትን በስሙ ጠርቶታል፣ እኛ ግን ገና ለቱቦ ክዳን እየተለማመጥን ነው።

ከ5 ኮከብ ለባጃጅ 3 ለሚኒባስ 1 ሰጥቻለሁ፣ ጓደኛዬ ይገለብጠዋል። ለመሄድ ካሰባችሁ ተማሪና ሰራተኛ ከገባ በኋላ ከ3 ሰዓት ተኩል ወዲያ ውጡ፣ ያኔ ሰልፍ ስለማይኖር ሹፌሮቹ ረጋ ብለው ያስገቧችኋል፣ ሂሳብም ይቀንሳሉ።