የቀለም ብናኝ ከመኪና ፕላስቲክ ላይ ለማስለቀቅ የቱ ይገዛ? ቲነር፣ ነጭ ጋዝ፣ አልኮል ወይስ ክሌይ ባር

ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ገላን መንገድ ዳር መኪና የሚያቆም ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የብረት በር የሚሠራው ጎረቤት ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ አንቲረስት ይረጫል፤ ወይም በቆርቆሮ በታጠረ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሌላ መኪና ይቀባል፤ የቀረውን ነፋስ ይጨርሰዋል። መስታወት ላይ ያረፈው ብናኝ በምላጭ ይነሳል። ፕላስቲክ ላይ ያረፈው ግን የተገዛው ነገር ካልተስማማው ቀለሙ ሳይለቅ ዕቃው ይበላሻል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ፕላስቲኩን መለየት ይቀድማል። ዕቃው ሲፈታ ከጀርባው ዓይነቱ በእንግሊዝኛ ፊደል ታትሞ ይገኛል። ያልተቀባ ጥቁር ፓራውልት አብዛኛውን ጊዜ ፒፒ (PP) ነው፤ ይህ ጠንካራ ነው። የስፖኪዮ ሽፋንና ግሪል ብዙ ጊዜ ኤቢኤስ (ABS) ናቸው፤ አሴቶን ያሟሟቸዋል። መስታወት የሚመስለው የፊት መብራት ፖሊካርቦኔት ሲሆን የኋላው መብራት በብዛት አክሪሊክ ነው። ከሁሉም ስስ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቲነር ርካሽ ነው፣ በየቀለም መደብሩ ይገኛል፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳውም እሱን ነው። ቶሎ የሚደርቀው ኒትሮ ቀለም ቢደርቅ እንኳ በቲነር ተመልሶ ይሟሟል። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ገብቶበት የደረቀ ቀለም ግን አይሟሟም፤ ያኔ ቲነሩ የሚያገኘው ፕላስቲኩን ብቻ ነው። ኤቢኤስ ይለሰልስና የጨርቁ ክር ይታተምበታል። የፊት መብራት ላይ ደግሞ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፤ አንዳንዴ በማግስቱ ነው የሚታየው። ስንጥቁ ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ ፖሊሽ አያነሳውም፤ መብራቱን መቀየር ነው። ለፕላስቲክ ብሎ ቲነር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ነጭ ጋዝ ከዚህ ይሻላል፣ ግን አታላይ ነው። ገና ያልደረቀ ሲንቴቲክ ቀለም ያነሳል፤ የደረቀውን አይነካም። ሸካራ ጥቁር ፓራውልት ላይ ሲቀባ ቅባቱ ነጠብጣቡን ስለሚሸፍነው የጸዳ ይመስላል፤ ሲደርቅ ነጩ ነጥብ ተመልሶ ይወጣል። ለእጥበት ቤት ሰጥተው ከሆነ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት በሳሙና ታጥቦ ሲደርቅ ይዩት። የበርና የመስኮት ጎማ ላይም አይፍሰስ፤ ያሳብጠዋል። በመርጫ የሚሸጡት የሬንጅ ማስለቀቂያዎች ብዙዎቹ ከነጭ ጋዝ የሚቀራረቡ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ቶሉይን፣ ዛይሊን ወይም አሴቶን ከተጻፈ ግን እንደ ቲነር ይቁጠሯቸው።

ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ለመፈተሻ የሚያህለው የለም። ነጭ ጨርቅ አርሶ የማይታይ ቦታ ላይ 10 ሰከንድ ማሸት ነው። ብናኙ ጨርቁን ከቀባው ኒትሮ ነው ወይም ገና አልደረቀም፤ እዚያው በአልኮሉ ይጨርሱት። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ ቀለሙ ደርቋል፣ በማሸት ብቻ ነው የሚለቀው። የፕላስቲኩ የራሱ ቀለም ከመጣ ወዲያው ያቁሙ። የኋላ መብራት ላይ አልኮልም አይሞከር፤ አክሪሊክን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ለስላሳ ገጽ ካለዎት፣ ማለትም የተቀባ ፓራውልት፣ ስፖኪዮ ወይም መብራት፣ ክሌይ ባር (እንደ ሊጥ የሚታጠፍ የመኪና ማጽጃ ጭቃ) ይግዙ፤ እዚህ ተወዳዳሪ የለውም። ብናኙን አያሟሟውም፤ ከላይ ይዞ ይነቅለዋል፣ ስለዚህ የቀለሙ ዓይነት ብዙም አያሳስብም። የሚገዛው ስስ (ፋይን) የሚባለው ደረጃ ነው። 100 ግራሙን ለሁለት ይክፈሉት። መጀመሪያ አቧራውን በደንብ ያጥቡ፤ አቧራ ላይ የተገፋ ክሌይ መኪናውን ይቧጭረዋል። ከዚያ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የመኪና ሻምፑ ጨምረው እየረጩ፣ በጣት ጫፍ ሳይጫኑ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትቱ። ሲያንሸራትት መጎርበጡ ከቆመ ጸድቷል። ክሌዩ ሲቆሽሽ አጥፈው አዲስ ገጽ ያውጡለት። መሬት ከወደቀ ይጣል፤ በኮረኮንች ግቢ ውስጥ የወደቀ ክሌይ ብርጭቆ ወረቀት ሆኗል ማለት ነው።

ሸካራው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ግን ክሌይ አይግዙ፤ ጎድጓዳው ውስጥ ተሰባብሮ ይቀራል። ኮምፓውንድማ (የማለስለሻ ቅባት) ይብስ፤ ነጭ ዱቄቱ ከብናኙ በላይ ያስቸግራል። ለዚህ የሚሻለው ነጩ ሜላሚን ስፖንጅ ነው፤ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በቀስታ። ከተጫኑት ሸካራውን ገጽ አልስልሶ የሚያብለጨልጭ ቦታ ይተዋል። ጎድጓዳው ውስጥ የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል ይከተሉት።

የፊት መብራት ላይ ክሌይ ካልበቃ ጋራዡ 2000 ብርጭቆ ወረቀትና ኮምፓውንድ ያቀርብልዎታል። ቀለሙ ይለቃል፣ ግን ከፀሐይ የሚከላከለው ስስ ሽፋንም አብሮ ይሄዳል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ፀሐዩ ጠንካራ ነው፤ ሽፋኑ ካልተተካ መብራቱ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን) እንደሚረጩበት ሳይስማሙ አይፍቀዱ።

አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ማሸት አይገባውም። ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ጥቁር ሽፋን በሙሉ ብናኝ ከለበሰ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት፣ ያገለገለ ቢያጠያይቁ ከእጅ ዋጋው ሊረክስ ይችላል። ሲገዙም በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይዩ፤ ቅባት የተቀባ አሮጌ ፕላስቲክ ሁሉ አዲስ ይመስላል።