ሚያታ ወይስ ዜድ3? ጣሪያዋ የሚከፈት ትንሽ መኪና ለምትገዙ

ብርዱ ሲያልፍ ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ መደጋገም ይጀምራል። «ጣሪያዋ የሚከፈት ትንሽ ስፖርት መኪና ልገዛ ነው። አዲስ አይደለም፣ ያገለገለች። ማዝዳ ሚያታ ትሻላለች ወይስ ቢኤምደብሊው ዜድ3?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እንደ እኔ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚኖሩ ሐበሾች ናቸው። የቤተሰብ መኪና አላቸው። ይቺን የሚፈልጓት ለቅዳሜና ለእሑድ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ሚያታ ግዙ። ከሚያታም ሁለተኛውን ትውልድ፣ ከ1999 እስከ 2005 ሞዴል ያለውን፣ ባለማንዋል ማርሹን፣ ዝገት ያልነካውን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው የሚሳሳተው ዋጋው ላይ ነው። ማስታወቂያ ስታዩ ሁለቱ መኪኖች እኩል ይመስላሉ። እኛ አካባቢ ደህና የተያዘች የ1999 ወይም የ2001 ሚያታ ከ6,000 እስከ 9,000 ዶላር ትጠየቃለች። ባለስድስት ሲሊንደሯ ዜድ3ም እዚያው ዋጋ ውስጥ ናት። ባለአራት ሲሊንደሯ፣ ባለ1.9 ሊትር ሞተሯ፣ እንዲያውም ረከስ ትላለች። ታዲያ ሰው «በእኩል ዋጋ ቢኤምደብሊው ካገኘሁ ማዝዳ ምን አደርጋለሁ?» ይላል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ ግን ቀብድ ነው። ዋናው ክፍያ የሚመጣው ከገዛችሁ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ነው።

በሚያታ እንጀምር። የታይሚንግ ቺንጋዋ፣ የሞተሩን ክፍሎች በልካቸው የሚያዞረው ቀበቶ፣ በየ60,000 ማይሉ ይቀየራል። ቺንጋው፣ የውሃ ፓምፑና ጎሚኒዎቹ ተደምረው ከ200 እስከ 250 ዶላር ይገኛሉ። ደህና የሰፈር ጋራዥ ለእጅ ከ500 እስከ 700 ዶላር ያስከፍላል። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ከዋጋው ላይ ቀንሱ። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍታችሁ የራዲያተሩን ላይኛ ፕላስቲክ እዩ። ከፋብሪካ ሲወጣ ጥቁር ነው። ወደ ቡናማ ከዞረ ሊሰነጠቅ ደርሷል ማለት ነው። አዲሱ ከ100 እስከ 150 ዶላር ነው፤ እጁ ቁልፍ የለመደ ሰው ከሰዓት በኋላ ገጥሞ ይጨርሰዋል።

የፍሪሲዮኑ ታችኛው ሲሊንደር የዚህች መኪና የታወቀ በሽታ ነው። ከካምቢዮው ጎን የተገጠመ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ጎሚኒው ያረጅና ፈሳሹን ያንጠባጥባል። ምልክቱ ቀላል ነው። የፍሪሲዮን ፈሳሽ ማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቱ፤ ውስጡ እንደ ቡና ከጠቆረ ተራው ደርሷል። ዕቃው 30 ዶላር ገደማ ነው። የላይኛውንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አንዱ ሲታደስ አሮጌው ብዙ አይቆይም። ይቺን ነገር የማያውቅ ሰው ማርሽ አልገባ ሲለው «ካምቢዮው ሞቷል» ተብሎ መኪናውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ሻጭ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ባትሪዋ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የታሸገ ዓይነትና ጭሱን ወደ ውጭ የምታወጣ ቀጭን ቱቦ ያለው መሆን አለበት። ብዙ ሰው ለመቆጠብ ብሎ የተራ መኪና ባትሪ ይጥልበታል። ከዚያ የአሲዱ ትነት ዙሪያውን ያለውን ላሜራ ይበላዋል። ስታዩአት ባትሪው ሥር በጣታችሁ ዳብሱ። ነጭ ዱቄት ወይም የተፋቀ ቀለም ካገኛችሁ ሰውየው ሌላውንም ነገር እንዲሁ ነው የያዘው።

ወደ ዜድ3 ስንመጣ፣ ሐቁን ለመናገር ታይሚንጓ በሰንሰለት ነው፤ የቺንጋ ወጪ የለባትም። የስድስት ሲሊንደሩ ድምፅና ልስላሴም ሚያታ ውስጥ አይገኝም። መቀመጫዋ ሰፋ ይላል፤ አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ ረጅም መንገድ ስትነዱ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። እዚሁ አሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና የተሠራች ስለሆነችም በብዛት ትገኛለች።

ወጪዋ ግን ሌላ ደረጃ ነው። የማቀዝቀዣው ሥርዓት ፕላስቲክ ይበዛበታል። የቴርሞስታቱ ቤት፣ የራዲያተሩ አንገት፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ሁሉ በዕድሜ ይሰባበራሉ። አንዱ በሞተር ሙቀት ላይ ሲሰነጠቅ የሲሊንደሩ ቴስታ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ የጥገናው ሒሳብ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ስለዚህ ዜድ3 የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የማቀዝቀዣውን ዕቃ ባንዴ መለወጥ ነው። ዕቃው ብቻ ከ400 እስከ 600 ዶላር ነው፤ ከነእጁ 1,000 ያልፋል። መኪናዋን ገና ሳትነዱባት ነው ይሄ።

የሚያሳዝነኝ ግን የኋላው ነው። ዲፈረንሻሉን፣ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን ዕቃ፣ የሚሸከመው ማሰሪያ ከዕቃ መጫኛው ወለል ጋር በነጥብ ብየዳ ነው የተያያዘው። ብየዳው በዕድሜና በጉልበት ብዛት ይላቀቃል። የአክስቴ ልጅ የ1998 ባለ2.8 ሞተር ብርማ ዜድ3 በ6,500 ዶላር ገዝቶ ነበር። ቀለሟ ያብለጨልጫል፣ ሞተሯ ሰዓት ነው። ፍሪሲዮን ሲለቅ ብቻ ከኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ ትሰጣለች። ሻጩ «የጎማው ነው» ብሎት ነበር። መካኒኩ የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገልጦ በባትሪ መብራት ሲያበራ ሁላችንም ዝም አልን። ሁለቱ ላሜራዎች ተለያይተው በመሃላቸው ሳንቲም ይገባል። አንዷን ጫፍ በጣቱ ሲጫናት ወረደች፤ ሲለቃት ተመለሰች። ለብየዳውና ለማጠናከሪያው 2,800 ዶላር ተጠየቀ። የተጠየቀው ብዙ አልነበረም፤ ሥራው ከባድ ነው። ልጁ ግን አልቻለውም፣ በኪሳራ ሸጣት።

በነገራችን ላይ ዝገት ሚያታንም አይምርም። እንዲያውም የሚያታ ትልቁ ጠላት እሱ ነው። ልዩነቱ ዝገቱን ሳትገዙ በፊት ማየት መቻላችሁ ነው። ከጨርቅ ጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች አልፎ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት መሬት ላይ መፍሰስ አለበት። ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው በበሩ ሥር ባለው ላሜራ ውስጥ ይተኛል። ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ስለዚህ ልታዩ ስትሄዱ አንድ ላስቲክ ውሃ ያዙ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ቀዳዳዎቹ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ ከዚያ ተንበርክካችሁ ከሥር እዩ። በሁለቱም በኩል ከወረደ ጥሩ ነው። ካልወረደ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ላሜራ በአውራ ጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉ፤ ማግኔትም አስጠጉ። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ፣ የቀዳዳ መሙያ ነው። ሁለተኛው ትውልድ ላይ ከሞተሩ በታች ያሉት የፊት ሻንሲዎችም በውስጥ ይዝጋሉ፤ መኪናዋ ሳትነሳ አይታዩም። በክሪክ ወይም በጋራዥ ሊፍት ሳታነሱ ገንዘብ እንዳትሰጡ።

ሞተር ቢበላሽ ሌላ ሞተር ይገኛል። ላሜራ ከተበላ አለቀ። ከኦሃዮ፣ ከፔንሲልቬንያና ከኒውዮርክ የመጣች መኪና በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ስትበላ ኖራለች። 1,000 ዶላር ጨምራችሁም ቢሆን ከካሮላይናዎቹ ወይም ከጆርጂያ የመጣችውን ውሰዱ። ከብየዳው ያ 1,000 ይረክሳል።

ስለ ሌሎቹም ይጠይቁኛል፤ ባጭሩ ልመልስ። የመጀመሪያዋ ሚያታ፣ ከ1990 እስከ 1997 የነበረችው፣ መብራቶቿ ብቅ ስለሚሉ ሁሉም ይወዳታል። እኔም እወዳታለሁ። ዋጋዋ ግን በውበቷ ምክንያት ወጥቷል፣ የኋላ መስኮቷም ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው ትውልድ መስታወት አለው፣ በረዶ ማቅለጫም ጭምር። የ1990ና የ1991 መጀመሪያ ሞተሮች ደግሞ የክራንክ አፍንጫቸው፣ የፊት ፑሊው የሚታሰርበት የዘንጉ ጫፍ፣ አጭር ስለሆነ ፑሊው ይላላና የሚይዘውን ትንሽ ብረት ይበላዋል። ፑሊው ላይ አራት ስንጥቅ ካያችሁ ያ ነው፤ ስምንት ከሆነ የተሻሻለው ነው። ሦስተኛዋ፣ ከ2006 እስከ 2015 ያለችው፣ ጉልበትም ስፋትም አላት፤ ረጅም ሰው ከሆናችሁ እሷን እዩ። የቶዮታዋ ኤምአር2 ስፓይደር ዕቃ መጫኛ የላትም ማለት ይቻላል፣ የቀደሙት ሞዴሎችም ዘይት መብላት ይወዳሉ። ሆንዳ ኤስ2000 ድንቅ ናት፤ ዋጋዋ ግን ከዚህ ወሬ ውጭ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የተነካካች መኪና አትግዙ። ማስታወቂያው ላይ «20,000 ዶላር ወጥቶባታል» ተብሎ ቢጻፍም አትግዙ። ዝቅ ያለች፣ ማርሚታዋ የተቆረጠ፣ መሪዋ የተቀየረ ሚያታ ከፋብሪካ እንደወጣች ካለችው ርካሽ መሆን ነው ያለባት። ምክንያቱም የተገጠመባት ዕቃ በአብዛኛው ኮፒ ነው።

በ300 ዶላር ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡትን ዝቅ ማድረጊያ ሾኮች አይቻለሁ። ሳጥኑ ያምራል፣ ቀለሙ ያምራል። አንድ ክረምት ሲያልፍ ግን ማስተካከያው ጥርስ ዝጎ ይደርቃል፤ ከፍታውን መቀየር ቀርቶ መፍታትም አይቻልም። ዘይቱ ይወጣና መኪናዋ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ትዘላለች። ደህናው ከ1,000 ዶላር ይጀምራል። ያ ከሌላችሁ የፋብሪካውን አዲስ ሾክ ግጠሙ፤ መኪናዋ የተሠራችው በእሱ ነው። ቸርኬም እንደዚያው ነው። የታወቀ የጃፓን ቸርኬ ቅርጽ ተቀድቶ በሲሶ ዋጋ ይሸጣል። ኮፒው ከባድ ነው፣ ጉድጓድ ሲመታም ይሰነጠቃል። ለሚያታ የሚሆን ያገለገለ ኦርጅናል ባለአራት ቡሎን ቸርኬ እኮ በ300 ዶላር ይገኛል። ካንዴላ እንኳን ይቀዳል። ኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ ያገኛችሁት የታወቀ ስም ያለበት ካንዴላ ጽሑፉ በጣት ሲፈተግ ከለቀቀ መልሱት።

ከሁሉ የከፋው ግን የጌጥ ሮል ባር ነው። ከመቀመጫዎቹ ጀርባ የሚቆም፣ የሚያብረቀርቅ ቀጭን ቱቦ። አስጊጦ ለመታየት የተሠራ ነው፤ መኪናዋ ብትገለበጥ ጭንቅላታችሁን አይሸከምም። እውነተኛው ወፍራም ብረት ነው፣ ከሻንሲው ጋር በትልልቅ ቡሎን ይታሰራል፣ ዋጋውም ከ600 ዶላር በላይ ነው። ጣሪያ የሌላት መኪና ስለሆነች እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ሌላ ማሻሻያ አንዱንም ባትገዙ ይሄንን ግዙ። ቀጥሎ ጥሩ ጎማ። የሚያታ 15 ኢንች ጎማ ትንሽ ስለሆነ ደህናው አራቱ ከ500 ዶላር በታች ያልቃል፤ በዜድ3 ልክ ግን ይወደዳል።

ጠንካራውን ጣሪያ የሚፈልጉም አሉ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ትውልድ ይቀያየራሉ፣ ጥሩ ነው። ግን የፋብሪካው ጣሪያ አሁን 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠየቅበታል። በሌሊት ፈተው የሚሰርቁም ስላሉ መቆለፊያውን አብራችሁ ግዙ። ከጣሪያ ጋር የምትሸጥ መኪና ስታገኙ የመኪናዋንና የጣሪያውን ዋጋ ለየብቻ አስቡ፤ አንዳንዴ መኪናዋ በነፃ የተሰጠች ያህል ነው።

ቨርጂኒያ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ የምንከፍለው የመኪና ግብር በዋጋዋ ስለሆነ ለአሮጌ መኪና ትንሽ ነው። 25 ዓመት የሞላት መኪና ደግሞ የአንቲክ፣ ማለትም የቆየ መኪና፣ ሰሌዳ ማውጣት ትችላለች። ግን በአንቲክ ሰሌዳ በየቀኑ ሥራ መሄድ አይፈቀድም። ለቅዳሜና እሑድ ሽርሽር ብቻ ከሆነች የ1999ኟ ልክ ናት።

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼም «ላስገባት?» ይሉኛል። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ተከልክሏል። መንገድ ላይ ቀርታ ለምትመለስ መኪና ገንዘብ አታውጡ።

አሁንም ዜድ3 ካላችሁ የ2001 ወይም የ2002ን ባለስድስት ሲሊንደር ፈልጉ፤ ለጥገና ብቻ 4,000 ዶላር ለብቻ አስቀምጡ፤ ከሁሉ በፊት ግን የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ግለጡ። ለሚያታ 1,500 ይበቃል። ግዢውን ለኅዳርና ለታኅሣሥ አቆዩት። በብርድ ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና የሚፈልግ ሰው የለም፤ በሚያዝያ 8,000 የተጠየቀባት ያን ጊዜ በ6,500 ትገኛለች። ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ በቀዝቃዛ ሞተር የምታሰማውን ድምፅ መደበቁ ነውና ሌላ ቀን እንመለሳለን በሉት።