የእናቴን ሲንጀር ላስነሱልኝ፣ እኔንም መስፋት ላስተማሩኝ የመርካቶው አባት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ከየት እንደምጀምረው ጠፍቶኝ ነው እንጂ ውለታቸው ከልቤ አልወጣም። ዛሬ ጠዋት ልጄ በገዛ እጄ የሰፋሁላትን የዩኒፎርም ቀሚስ ለብሳ ትምህርት ቤት ሄደች። መንገዱ ጫፍ ላይ እስክትታጠፍ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየኋትና፣ ከዚህ በኋላ ዝም ብል ነውር ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤታችሁ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ የልብስ ስፌት መኪና ያላችሁ፣ ወይም አዲስ ገዝታችሁ ክር ማስገባቱ ቢያቅታችሁ ወደ ካርቶኑ የመለሳችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እናቴ ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቅ አልነበራትም፤ የምትሰፋው በረንዳችን ላይ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ቤቱ በዩኒፎርም ጨርቅ ይሞላል፣ ሰማያዊ ቴትሮን ጣቃ በጣቃ ላይ ይደረደራል፣ እኛም ልጆቿ በጣቃው መሃል እንተኛለን። ሌሊት ስነቃ የምሰማው የመርገጫውን ድምፅ ነው፤ ሲሮጥ፣ ቀስ ሲል፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲሮጥ። አራት ልጅ ያሳደገችው በዚያች ጥቁር ሲንጀር ነው። እኔን ግን አንድም ቀን አላስነካችኝም። «አንቺ ደብተርሽን ያዢ፣ ይሄ ወገብ ይበላል» ትለኝ ነበር። ደብተሬን ያዝኩላት፣ ተመረቅኩላት። መስፋት ሳታስተምረኝ በ2013 አረፈች።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስንመለስ ቤቱ ተከፍቶ ነበር፤ ቴሌቪዥኑም ፍራሹም የለም። መኪናዋ ግን ከነብረት እግሯ በረንዳው ጥግ ላይ ቆማለች። ከብዳቸው ይሆናል፣ ወይም አሮጌ ብረት ናት ብለው ይሆናል። እኔ ግን እናቴ የጠበቀችልኝ ነው የመሰለኝ። በአይሱዙ አስጭኜ አዲስ አበባ አመጣኋት። መከራዬ የጀመረው ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ጠጋኝ ቤት ድረስ መጣ። አስር ደቂቃ አልቆየም። ከቦርሳው ያወጣውን ዘይት አፈሰሰባት፣ 600 ብር ተቀበለኝ፣ ሄደ። ምን ዓይነት ዘይት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ሙጫ ይዟት ጎማዋን በሁለት እጄ ማዞር አቃተኝ። ሁለተኛው ወስዶ ሁለት ወር አስቀመጣት። ስደውልለት መልሱ ሁሌ «ነገ ነይ» ነው። ስትመለስ ጎማዋ በመጠኑ ተፈትቷል፣ የሚያብረቀርቀው የጎን ክዳኗ ግን የለም። «ስትመጣም እንዲህ ነበረች» አለኝ። የእናቴን መኪና እኔ አላውቃትም? ልጅ ሆኜ ፊቴን የማየው በዚያ ክዳን ነበር። ተከራከርኩ፣ አለቀስኩ፣ 1,800 ብሬን ከፍዬ ይዣት ወጣሁ። ሦስተኛው ደግሞ አንዴ ጎንበስ ብሎ አያትና «ውስጧ አልቋል፣ ለቆራሌው ስጪው» አለኝ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ካስቸገረሽ እኔ በ1,500 ልውሰደው።» አለቀች ያላትን መኪና ለምን እንደሚፈልጋት ዛሬ ነው የገባኝ።

ጥፋቱ የኔ አለማወቅ ነው ብዬ ደግሞ አንድ ማሠልጠኛ ገባሁ። ለወሩ 4,500 ብር ከፈልኩ። ሃያ ሰው ነን፣ የምትሠራው መኪና ሦስት። ወሩን ሙሉ ወረቀት ላይ ስናሰምር ከርመን መኪና ላይ የተቀመጥኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ክሬ እየተተበተበ አልሰፋ ሲለኝ አስተማሪዋ በሰው ፊት «አንዳንድ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም» አለችኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ እኮ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ እንዴት እንደሆንኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ እኚህ አባት የነገረችኝ ነጠላ የምትቋጭ ጎረቤቴ ናት። መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ የበር ስፋት ብቻ ያላት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ስማቸውን ልጻፍ ብላቸው «ሥራ ነው የሠራሁት፣ ስም ምን ያደርጋል» ብለው እምቢ አሉኝ፤ ሰፈሩ ውስጥ ግን «የሲንጀሩ አባባ» ብላችሁ ብትጠይቁ ልጅ አዋቂው እጅ ይዞ ያደርሳችኋል። ሱቃቸው ከወለል እስከ ጣሪያ መኪና ነው፤ ሲንጀሩ፣ በተርፍላዩ፣ ነጫጮቹ የኤሌክትሪኮቹ። አንዱ ክንዱ የተሰበረውን መነጽራቸውን በክር አስረውታል።

ሌሎቹ ሁሉ መኪናዋን ሲያዩ መፍቻ ነው የሚያነሱት። አባባ ወንበር ሳቡልኝና «እስቲ ስፊልኝ» አሉኝ። እስካሁን ማንም ይህን ብሎኝ አያውቅም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሞከርኩ። እንደ ልማዷ ከላይ ዘለለች፣ ከጨርቁ ሥር ክሩ እንደ ጎፈሬ ተንጨበረረ። አፍሬ አቀረቀርኩ። እሳቸው ጨርቁን ገልብጠው አዩትና «አብሽሪ ልጄ፣ አልሞተችም» አሉኝ።

አንዲት ብሎን ላላ አድርገው መርፌዋን አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «በጥፍርሽ ዳብሺያት።» ዳበስኳት። ለካ መርፌ ዙሪያዋን አንድ ዓይነት አይደለችም! የላይኛው ወፍራሙ ክፍል አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ በሌላው በኩል ደግሞ ከላይ እስከ ቀዳዳዋ የሚወርድ ቀጭን ቦይ አለ። «ክር የሚገባው በዚህ በቦዩ በኩል ነው። አንቺ አዙረሽ ተክለሻት እንዴት ትስፋልሽ?» መርፌዋ ስትሰበርብኝ የቀየርኳት እኔው ነበርኩ፤ በየትኛው በኩል እንደሚዞር ማን ነግሮኝ? በኔ መኪና ጠፍጣፋው ወደ ግራ ነው። በሌላ መኪና ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል፣ ክሩ ግን መቼም ከቦዩ በኩል ነው የሚገባው፤ ይህን ያዙልኝ። ሦስት ጠጋኝ፣ ይህን ሁሉ ብር፣ ይህን ሁሉ ወር፣ አንዱም መርፌዋን አላየም!

የሚተበተበውን ደግሞ «ከሥር ሲተበተብ ሰው ሁሉ የሥሩን ይነካካል፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ነው» አሉኝ። ጨርቅ የሚረግጠውን እግር ከፍ አስደርገው ክሩን እንደገና አስገቢ አሉኝ። ውስጥ ሁለት ሳህን መሳይ ነገሮች አሉ፣ እግሩ ሲነሳ ይከፈታሉ፣ ሲወርድ ክሩን ያጠብቃሉ ብለው አስረድተውኛል፤ እውነቱን ለመናገር ውስጡ እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። የያዝኩት እግሩ ሳይነሳ ክር እንደማይገባ ብቻ ነው። እንደገና ረገጥኩ። ሰፋች። ቀጥ ብሎ፣ ከላይም ከሥርም እኩል፣ የእናቴ ስፌት መሰለ። የመርገጫው ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። አባባ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ተነስተው ወደ በሩ ዞረው ቆሙልኝ፣ መንገደኛ እንዳያየኝ።

አሁን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝን ልንገራችሁ። መኪናዋን ስወስድ የእናቴን የከረሜላ ቆርቆሮ ይዤ ነበር፤ ቁልፍ፣ መርፌ፣ የሥሩ ክር የሚጠመጠምበት ቦቢን አምስት ስድስት ውስጡ አለ። አባባ ለስፌት የሚሆን ቦቢን ሲፈልጉ አንዱን አነሱ፣ ግማሽ ድረስ ሰማያዊ ክር ተጠምጥሞበታል። ክሩን ሊፈቱት ጫፉን ያዙና ቆም አሉ። «ይህ የማን ክር ነው?» አሉኝ። የእናቴ ነው፣ የመጨረሻ የሰፋችው ዩኒፎርም ሳይሆን አይቀርም አልኳቸው። ጫፉን መልሰው አስገቡት። ከራሳቸው መሳቢያ አዲስ ቦቢን አውጥተው ሰጡኝ፣ የእናቴን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቀለሉና «ይህን አትፍቺው፣ እጇ ነው» ብለው መዳፌን በሁለት እጃቸው ዘጉልኝ። የስንቱን ክር ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። የኔን አዩልኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ተመላለስኩ። መኪናዋን በነጭ ጋዝ አጥበው ያንን ሙጫ ለቀቁት፣ ደርቆ የተሰነጠቀውን ቺንጋ በአዲስ ቆዳ ቀየሩት፣ ትክክለኛውን የመኪና ዘይት በየቀዳዳው ጠብ ጠብ አደረጉ። መኪናዋን ዘይት ካደረግሽባት በኋላ መጀመሪያ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ስፊ፣ ዩኒፎርሙ ላይ እንዳይንጠባጠብ አሉኝ።

እኔን ያስተማሩኝ ግን ያለ ክር ነው! ክሩን አወጡት፣ ከአሮጌ ደብተር መስመር ያለበት ቅጠል ቀደው ከመርፌው ሥር አስገቡና «በመስመሩ ላይ ሂጂ» አሉኝ። ጎማው መጀመሪያ ወደ ራስሽ መዞር አለበት፣ ወደዚያ ከዞረ ክር ይበጥሳል፤ ቀኝ እጅሽ ያስነሳዋል፣ እግርሽ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ቀን የወጋሁት ወረቀት መስመሩ ሌላ፣ ቀዳዳው ሌላ። በሦስተኛው ቀን ግን ገጹን ከላይ እስከ ታች ሄድኩት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩትና «አሁን ክር ይገባሻል» አሉኝ። ያ ወረቀት እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ። በማሠልጠኛው ወር ሙሉ ያላገኘሁትን በሦስት ቀን፣ በደብተር ቅጠል።

በሁለተኛው ቀን ዙህር ደረሰና ሊሰግዱ ተነሱ። እኔም ልወጣ ስነሳ «ተቀመጪ፣ ሱቁን ጠብቂልኝ» ብለውኝ ሄዱ። ገንዘብ ያለበት መሳቢያ እንኳ አልተቆለፈም። የኔን መኪና ክዳን ነቅሎ ያስቀረ ሰውም በዚችው ከተማ ነው የሚሠራው።

የመኪናዋን ታሪክም ያወቅኩት በሳቸው ነው። ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ጠርገው 15ኬ የሚለውን አሳዩኝ። ኬው ፋብሪካዋን ነው የሚያመለክተው፤ ስኮትላንድ ክላይድባንክ የተሠራች ናት አሉኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ ፋብሪካው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ተዘግቷል፤ ሰፈሩ ላይ ግን እስከ ዛሬ «ሲንጀር» የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። ከዚያ ተነስታ ደሴ በረንዳችን ላይ እንዴት እንደደረሰች እናቴን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

አባባ አሮጌ ብቻ ነው የሚሠሩት እንዳትሉ። እኔ ቁጭ ብዬ አንዲት ልጅ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላትን የኤሌክትሪክ መኪና ይዛ መጣች። ሶኬት ላይ ልትሰካ ስትል ከወንበራቸው ብድግ ብለው ገመዱን ያዙባት። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220፣ ያለ ትራንስፎርመር ብትሰኪው አሁን ጭስ ነው የምታዪው አሏት። ምንም ሳይሸጡላት፣ ምንም ሳይቀበሏት፣ የሚያስፈልጋትን በወረቀት ጽፈው ሸኟት። ሌላ ሰው ቢሆን እስኪቃጠል ጠብቆ ሞተር ይቀይርላት ነበር።

ለእጥበቱ፣ ለቺንጋውና ለመርፌዎቹ በጠቅላላ 900 ብር ነው የከፈልኩት። የማስተማሪያውን ብለምናቸው ብለምናቸው አልቀበልም አሉ። በመጨረሻ አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ሄድኩ፣ እሱን ተቀበሉኝ፣ መረቁኝም። እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ዓይናቸውን ይጠብቅልኝ፣ እጃቸው አይዛል።

እባካችሁ ወደሳቸው ሂዱ። መኪናችሁን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ሂዱ። «እጄ ለዚህ አልተፈጠረም» ብላችሁ ያመናችሁም ሂዱ። ጠዋት ጠዋት ይሻላል፣ ከዙህር በፊት ሰው አይበዛም፤ ዓርብ ከሰዓት ባትሄዱ ጥሩ ነው። የእግር መኪና ከሆነች ጠረጴዛዋን አትሸከሙ፣ የላይኛውን ብቻ ፈታችሁ ውሰዱ። የምትሰፉበትን ጨርቅ ብጣሽና ክራችሁን ያዙ፣ እሱን ነው መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ። ሱቁ ተዘግቶ ካገኛችሁ ጎን ያሉት ቁልፍ ሻጭ እህት የት እንዳሉ ይነግሯችኋል። ስትደርሱም ሰማያዊ ክር ያላት የደሴዋ ልጅ ልካን ነው በሏቸው።