ብቻዋን ለምትኖር እናቴ ነርስ ቤት ድረስ ካስመጣሁ ስድስት ወር ሆነኝ

በስልክ "ደህና ነኝ፣ አታስብ" የሚል መልስ ብቻ እየሰማችሁ ለምትጨነቁ ልጆች ነው የምጽፈው። እማዬ 79 ዓመቷ ነው። ግፊትም ስኳርም አለባት። ነርሷ በሳምንት አንድ ቀን ትመጣለች፣ አንድ ሰዓት ያህል ትቆያለች።

መጀመሪያ ላይ እውነቱን ለመናገር ግፊት ለመለካት ከሆነ መለኪያውን ገዝቼ አልሰጣትም ወይ ብዬ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እኔም እዛው ነበርኩ። እማዬን ጋደም አድርጋ አምስት ደቂቃ ካሳረፈቻት በኋላ ለካቻት፣ 138 በ80። ጥሩ ነው ብዬ ልነሳ ስል "እስቲ አሁን ቀስ ብለው ይቁሙልኝ እማማ" አለቻትና ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ደግሞ ከሦስት ደቂቃ በኋላ በቁሟ ለካቻት። የላይኛው ቁጥር 112 ገብቷል። ሲቆሙ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የሚያዞረውና የሚጥለው እሱ ነው አለችን። ለካ እማዬ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፋ ነው ሽንት ቤት የምትሄደው። ለኔ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም።

ከዛ መድኃኒቶቿን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ አንድ በአንድ አነበበች። አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም ተገኘ። በተለያየ ጊዜ የተገዙ ናቸው፣ እማዬ ደግሞ አንዱ ለጉልበት ሌላው ለወገብ ነው ብላ ሁለቱንም ትውጣለች። ሁለቱም ያው አንድ ዓይነት ማስታገሻ ናቸው፣ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። ነርሷ እዛው ሆና ሐኪሟ ጋ ደወለች፤ ሁለቱም ቆሙ፣ የግፊቱም መድኃኒት ተስተካከለ።

የማልረሳው ግን እግሯን ያየችበትን ነው። መሬት ላይ ተንበርክካ ካልሲዋን አወለቀችላት፣ በስልኳ መብራት በጣቶቿ መሀል እያየች መጣችና ተረከዟ ላይ ስትደርስ ቆመች። ትንሽ ቁስል አለ። እማዬ "ኧረ አላመመኝም" አለች። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ነው ያላመማት። ያንን በስልክ እንዴት አውቀው ነበር?

ቅሬታም አለኝ። በአራተኛው ወር ነርሷን የሚልኩልን ሰዎች ሳይነግሩን ነርስ ቀየሩብን። እማዬ የማታውቃት ሰው በር ስታንኳኳባት ደንግጣ አልከፈተችም፣ እኔ ደውዬ ነው ያስከፈትኳት። አዲሷ ወረቀቷን ሞልታ በ15 ደቂቃ ወጣች፣ "በጥሩ ሁኔታ ላይ ናቸው" ብላ ጽፋ። እማዬ ግን በዚያ ወር ሁለት ኪሎ ቀንሳ ነበር! የቀድሞዋ ብትሆን ሚዛኑን ካለፈው ጋር አስተያይታ "ምግብ እንዴት ነው?" ትላት ነበር። ክፋት ኖሯት አይደለም፣ እማዬን ስለማታውቃት ነው። ተናደድኩ፣ ደጋግሜ ደወልኩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የበፊቷን መለሱልን።

ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት ከዋጋው ቀድማችሁ ይሄን ጠይቁ፦ የምትመጣው ሁሌም አንድ ሰው ናት? እሷ ባትችል ማን ይተካታል፣ ቀድሞስ ይነገረናል? የጻፈችው መዝገብ እቤት ይቀራል? ሐኪሙ ጋ ራሷ ትደውላለች ወይስ ለእናንተ ነግራችሁ ትሄዳለች?

ደግሞ ነርስ ስለመጣች መደወል እንዳትተዉ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፣ እሷ ያለችው አንዱን ነው።

እኔ ቀጥዬበታለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ይሁን ወይ ብዬ እማዬን ስጠይቃት እሺ አለችኝ፣ እሷው ራሷ የምትመጣ ከሆነ።