ጊት ውስጥ ካለው ሁሉ ባይሴክትን የሚያህል የለም

የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበውን ጊትን የማይጠቀም ዴቨሎፐር ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ግን አብዛኛው ሰው ኮሚት (ለውጥን ታሪኩ ውስጥ መመዝገብ)፣ ፑሽና ፑል (ወደ ጋራው ማከማቻ መላክና ከዚያ መውሰድ) ላይ ያቆማል። የሆነ ነገር ሲወሳሰብበት ፎልደሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ክሎን ያደርጋል፣ ማለትም ሙሉ ቅጂውን እንደገና ያወርዳል። እኔ ጊትን የምወደው ስለ ኮዱ ታሪክ ስጠይቀው መልስ ስለሚሰጠኝ ነው፤ ይህን ጎኑን ሳያዩ መቅረት ደግሞ ያሳዝናል።

ከሁሉም የምመርጠው ኮዱን ያበላሸውን ኮሚት ፈልጎ የሚያገኘውን ባይሴክት የተባለ ኮማንድ ነው። ባለፈው ወር ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ አልሠራ አለ እንበል። መሃል ላይ 1000 ኮሚት አለ። አንድ በአንድ ማየት የማይሞከር ነው። ባይሴክት አንድ ደህና የነበረ ኮሚትና አንድ የተበላሸ ኮሚት ብቻ ንገሩኝ ይላችኋል፤ ከዚያ መሃል ያለውን አውጥቶ ይሰጣችኋል፣ ትሞክሩታላችሁ፣ ይሠራል ወይም አይሠራም ትሉታላችሁ፣ በቃ ግማሹ ከምርመራው ወጣ ማለት ነው። የቀረውንም እንደዚያው እየከፈለ 10 ሙከራ ገደማ ላይ ጥፋተኛውን ኮሚት ያስረክባችኋል። ኮሚቱ 2000 ቢሆንስ? አንድ ሙከራ ብቻ ነው የሚጨመረው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን የጀመረው ለሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሥራ ነበር፤ እንደዚያ ባለ ግዙፍ ፕሮጀክት ላይ ባግ (የኮድ ስህተት) ማደን የሰለቻቸው ሰዎች እጅ እንዳለበት እዚህ ላይ በደንብ ይታያል።

ኮዱን በራሱ የሚፈትሽ ቴስት ካላችሁ ደግሞ እጃችሁን አጣጥፋችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ባይሴክት ረን ብላችሁ ቴስቱን የሚያስኬድ ስክሪፕት ስጡት። ስክሪፕቱ 0 ሲመልስ ደህና፣ 1 ሲመልስ የተበላሸ ብሎ ይይዘዋል። ብዙ ሰው የማያውቃት ቁጥር 125 ናት፦ ኮዱ ጭራሽ ቢልድ የማያደርግ (ወደሚሠራ ፕሮግራም የማይቀየር) ከሆነ ስክሪፕቱ 125 ይመልስ፣ ጊት ያንን ኮሚት ዘሎ ሌላ ይሞክራል። ይህን ካላደረጋችሁ ከባጉ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን ኮሚት ጥፋተኛ ሊያደርግባችሁ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚያምረው ግን ኮሚቶቹ ትንንሽ ከሆኑ ነው። የሳምንቱን ሥራ አንድ ላይ ጠቅልሎ «ፊክስ» የሚል መልእክት ለሚለጥፍ ቲም ባይሴክት የሚያሳየው ያንኑ ጥቅል ነው፣ ከዚያ በኋላ ፍለጋው እንደገና በእጅ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ኮሚት ውስጥ የሚገባውን በሚመርጠው አድ በሚባል ኮማንድ ላይ ሰረዝ ፒ (-p) መጨመር ነው። ለውጦቹን ቁራጭ በቁራጭ እያሳየ ይህን ላስገባ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለሙከራ ገብታ ተረስታ የቀረች የፕሪንት መስመርም እዚያው ትያዛለች።

የኮሚቶቹን ዝርዝር የሚያሳየው ሎግ ላይ ትልቁን ኤስ (-S) ጨምራችሁ የአንድ ፈንክሽን ስም ብትሰጡት ያ ስም የገባበትንና የወጣበትን ኮሚት ያወጣላችኋል። «ይህ ነገር የት ጠፋ?» ለሚል ጥያቄ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ጊት የቆማችሁባቸውን ኮሚቶች የሚመዘግብበትን ሪፍሎግንም እወቁት። ሪቤዝ (ኮሚቶችን በሌላ ኮሚት ላይ እንደገና መደርደር) ተበላሽቶ ወይም ሃርድ ሪሴት (ወደ ቀድሞ ኮሚት በግድ መመለስ) ተደርጎ ኮሚት ጠፋ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም። ከየትኛውም ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) የማይደረስበትን ኮሚት ሪፍሎግ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በስተቀር፣ 30 ቀን መዝግቦ ያቆያል። ኮሚት ያልተደረገ ሥራን ግን አያድንም፤ ስለዚህ አስፈሪ ነገር ከመሞከራችሁ በፊት ኮሚት አድርጉ፣ በኋላ ታስተካክሉታላችሁ።

የማልወድለት ነገርም አለ። የኮማንዶቹ ነገር ለጀማሪ ግፍ ነው። ቼክአውት ብራንችም ይቀይራል፣ ፋይል ላይ ያለውንም ለውጥ ሳይጠይቅ ይደመስሳል፤ እነዚህን ሁለት ሥራዎች በአንድ ስም ማስቀመጥ ትክክል አልነበረም። ከጊት 2.23 ጀምሮ ስዊችና ሪስቶር ስለመጡ አዲስ ሰው ስታስተምሩ በእነሱ ጀምሩ። ትልልቅ ቪዲዮና ዳታ ላይም ጊት ደካማ ነው። አንዴ ከገቡ ፋይሉን ብታጠፉትም ታሪኩ ውስጥ ስለሚቀር ሪፖው (ማከማቻው) አይቀልም።

ፎርስ ፑሽ (የጋራውን ታሪክ በእናንተ ታሪክ በግድ መተካት) የግድ ከሆነባችሁ ፎርስ ዊዝ ሊስ የሚለውን ተጠቀሙ። ሌላ ሰው እናንተ ያላያችሁትን ኮሚት ፑሽ አድርጎ ከሆነ እምቢ ይላል። ኤዲተራችሁ ከጀርባ በራሱ ፌች የሚያደርግ (ከጋራው ማከማቻ አዲሱን ታሪክ የሚያወርድ) ከሆነ ግን ጥበቃው ይላላል፣ ጊት ያንን ኮሚት አይታችሁታል ብሎ ስለሚያስብ። እንዲህ ባለ ብራንች ላይ ስትሠሩ አውቶ ፌቹን አጥፉት።