ሁለቱ ቡገንቪላዎች፦ ለበረንዳ የትኛው፣ ለአጥር የትኛው?

ቡገንቪላ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ቀለሙን እርሱት። ችግኝ መሸጫ ስትደርሱ ዓይናችሁ ሐምራዊው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሻጩም ስለሚያውቅ ያበበውን ወደፊት አውጥቶ ቅጠል ብቻ የሆነውን ከኋላ ይደረድረዋል። እኔም የመጀመሪያዋን የገዛሁት እንደዚያ ተታልዬ ነው። «ትንሽ ናት፣ ለበረንዳ ትሆናለች» ተባልኩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የጎረቤትን ቆርቆሮ ተሻገረች፣ ልብስ ማስጫው ጋ የሚያልፈውን ሁሉ መቧጨር ጀመረች። ለካ ስፔክታቢሊስ የሚባለው ትልቁ ዓይነት ኖራለች።

ገበያ ላይ የምናገኛቸው ቡገንቪላዎች ባብዛኛው ከሦስት የደቡብ አሜሪካ ዝርያዎችና ከድቅሎቻቸው የመጡ ናቸው። ገዢን የሚያምታቱት ግን ሁለቱ ናቸው፦ ግላብራና ስፔክታቢሊስ። ሁለቱም ሐምራዊ ይሆናሉ፣ ስለዚህ በቀለም መለየት አይሞከርም።

ቅጠሉን በሁለት ጣት ያዙና እሹት። የግላብራ ቅጠል ልሙጥ ነው፣ እንደ ቡና ቅጠል ያብለጨልጫል፤ ስሙ ራሱ በላቲን መላጣ እንደማለት ነው። የስፔክታቢሊስ ቅጠል ሰፋ ይላል፣ ጀርባውን ስትነኩት ደግሞ የኮክ ልጣጭ የነካችሁ ይመስላችኋል፣ ጸጉር አለው። ከዚያ ወደ እሾሁ። የግላብራ አጠር፣ ቀጠን ያለ ነው። የስፔክታቢሊስ ግን ትልቅና ቆልመም ያለ ስለሆነ ሹራብ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። (ድቅል ከሆነ ምልክቱ ይደበላለቃል፤ ያኔ እሾሁን አይታችሁ ወስኑ፣ የሚጎዳችሁ እሱ ነውና።)

በነገራችን ላይ አበባ የምንለው ቀለማሙ ነገር ቅጠል ነው። አንዱን ቅንጠሱና ቀረብ አድርጋችሁ እዩት፤ ሦስት ወረቀት የመሰሉ ቅጠሎች፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ቀጭን ቱቦ የምትመስል ነጭ አበባ ተለጥፋለች። እውነተኛዋ አበባ እሷ ናት። ስትገዙ ነጯ ገና ያልፈነዳችበትን ምረጡ፣ ቀለሙ ቤት ከገባ በኋላም ይቆይላችኋል።

አበባ በመስጠት ግላብራ ታሸንፋለች። ሙቀትና ፀሐይ ካገኘች በዓመት ደጋግማ ታብባለች፣ ብትገረዝም አትቀየምም፣ በቫዞም ትኖራለች። ስፔክታቢሊስ ክረምቱን ቅጠል ስታበዛ ከርማ ዝናቡ ሲያቆምና አፈሩ ሲደርቅ ነው በአንዴ የምትፈነዳው። ግን ስትፈነዳ! አጥሩ አይታይም። ድጋፍ ካገኘች አሥር ሜትር ልትወጣ ስለምትችል የመብራት ሽቦ አጠገብ አትትከሏት።

ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ከሆናችሁ ሁለቱም ይሆኑላችኋል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ አያውቅም፤ ውርጭ ደግሞ ለጋውን ችግኝ ያቃጥለዋል። ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ስር አስጠግታችሁ ትከሉ፣ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ለማታ ያስቀምጥላታል። በቀን ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ከሌላችሁ ግን ሁለቱንም ተዉት፣ ቅጠል ብቻ ነው የምታሳድጉት።

ውኃ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም። በየቀኑ በጆግ ሳጠጣት፣ ዩሪያም ጣል ሳደርግላት፣ አረንጓዴ ሆና ቁጭ! ናይትሮጂኑ ቅጠል ያበዛል፣ ሁልጊዜ የረጠበ አፈር ደግሞ ሥር ያበሰብሳል። አሁን ላዩ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እስኪጠግብ አጠጣለሁ። ትንሽ ሲጠማት ታብባለች።

ቀይ ወይም ብርቱካናማ ካማራችሁ ባብዛኛው ሦስተኛ ወገን ነው፣ ቡቲያና የሚባለው ድቅል፤ ቅጠሉ ሰፊና ክብ ቢጤ ነው። ያምራል፣ እኔ ግን ለአዲስ አበባ ብርድ አልደፍረውም።

እኔን ብትጠይቁኝ ለበረንዳና ለጠባብ ግቢ ግላብራ፤ ረጅም አጥር፣ ጠንካራ መቀስና የቆዳ ጓንት ላለው ስፔክታቢሊስ። የትኛዋንም ብትገዙ ስትተክሉ ላስቲኩን በምላጭ ቅደዱት እንጂ ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ። ሥሯ ስስ ነው፣ አፈሩ ከተበተነ መጠውለግ ትጀምራለች።